ቸርኬ ማሳነስና ፍሬን፦ ከሐዋሳ የገጠር መንገድ ተመላላሾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ መኪና ብዙም አይፈተንም። መንገዱ ሜዳ ነው። ፈተናው የሚጀምረው ከከተማ ሲወጣ ነው። ወደ ሁላ፣ ወደ በንሳ፣ ወደ አርቤጎና ወይም አልፎ ወደ ጂንካ የሚመላለስ ሰው ኮረኮንቹንም ጭቃውንም ጠንቅቆ ያውቃል። ባለ 18 ኢንች ቸርኬ መኪና ይዞ አንድ ክረምት የከረመ ሰው ታዲያ ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ «ቸርኬውን ላሳንሰው እንዴ?»

ለዓመታት የመስክ መኪና ነድቻለሁ። ጎሚስታ ቤትና ጋራዥ ደጃፍም ብዙ ቀን ውያለሁ። ከታች ያሉት በየጊዜው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙዎቹ የጎማ ጥያቄ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው ፍሬኑ ላይ ነው ያለው። እኔ የማውቀው አንድ ሕግ ነው፦ ቸርኬ የሚመረጠው ፍሬኑ ታይቶ ነው። ለቸርኬ ተብሎ ፍሬን አይነካም።

ቸርኬ ሲያንስ መኪናው ዝቅ ይላል?

ጎማው በትክክል ከተመረጠ አይልም። የሚያንሰው ብረቱ ነው። ብረቱ በለቀቀው ቦታ ላስቲክ ይገባል።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንየው። 265/65 አር 17 ይላል እንበል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እናስላው። የጎኑ ቁመት 172 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ላስቲኩ ከላይም ከታችም ስላለ 344 ተኩል ይሆናል። ቸርኬው 431.8 ነው። ሲደመር 776 ሚሊ ሜትር።

አሁን 265/70 አር 16ን አስሉት። 777 ይመጣል። 265/60 አር 18ስ? 775። ሦስቱን ጎማዎች ግድግዳ አስደግፋችሁ ብታቆሟቸው ቁመታቸው በዓይን አይለይም። ቶዮታ ራሱ በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ፕራዶ 90 በ265/70 አር 16 መጣ። ፕራዶ 120 በ265/65 አር 17። ፕራዶ 150 ደግሞ እንደ ደረጃው በ17ም በ18ም። ጎማው ቁመቱን ሳይቀይር ቸርኬው ብቻ እያደገ ሄደ። እኛ የምናደርገው ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ቁመቱ ከፋብሪካው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይርቅ አድርጉ። ለምሳሌ 265/70 አር 16 በሚገባበት መኪና 245/70 አር 16 ብታስሩ ቁመቱ ወደ 749 ይወርዳል። መኪናው 14 ሚሊ ሜትር ይቀመጣል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ የምትሄዱት 96 ገደማ ይሆናል።

ታዲያ ትርፉ ምንድነው?

ላስቲኩ ነው። በ18 ቸርኬ ላይ ከመንገዱ እስከ ብረቱ ያለው ላስቲክ 159 ሚሊ ሜትር ነው። በ16 ላይ 185 ይሆናል። ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ትራስ ማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ስትገቡ ቸርኬው ከጉድጓዱ ከንፈር ጋር እንዳይጋጭ የሚያደርገው ይኸው ትራስ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ነፋስ መቀነስ መቻሉ ነው። ጎኑ ረጅም የሆነ ጎማ ነፋስ ሲቀንስ ተንጣሎ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። ረጅም ኮረኮንች ላይ ወደ 26 ወይም 28 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ ነው) ማውረድ መኪናውንም ወገባችሁንም ያሳርፋል። ጭቃ ውስጥ 20 አካባቢ፣ አሸዋ ላይ ደግሞ እስከ 15 ወይም 18 ድረስ ይወረዳል። በዚህ ነፋስ ግን ፍጥነት የለም። ቀስ ብላችሁ ትነዳላችሁ፣ መሪ በኃይል አታዞሩም፣ አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ትሞላላችሁ። አነስተኛ የነፋስ መሙያ ሳይዙ ነፋስ መቀነስ አይሞከርም።

ሦስተኛው ቀላል ነው። የ16 ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ18ቱ ይረክሳል። ገጠር ከተማ ውስጥ ጎማ ቢቀደድባችሁም 16 የማግኘት ዕድላችሁ የተሻለ ነው። የስንቱ ሀርድቶፕና ፒክአፕ ጎማ 16 እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ኪሳራም አለው። ጎኑ የረዘመ ጎማ አስፋልት ላይ ኩርባ ሲዞር ይወዛወዛል። ሐዋሳና አዲስ አበባን ብቻ የሚመላለስ ሰው ቸርኬ አያሳንስ። ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ ያውለው።

ባለ 16 ቸርኬ መኪናዬ ላይ መግባቱን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

16 ኢንች ማለት 406 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ ግን የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ቦታ ልክ ነው። የቸርኬው የውስጥ ሆድ ከዚያ ይጠባል። የብረቱ ውፍረት አለ። ጎማ ለመግጠም ተብሎ መሃሉ ላይ የተሠራ ጎድጓዳ ቦታም አለ፤ እሱ ከውስጥ ሲታይ እብጠት ነው። ካሊፐሩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል፣ የሚኖረው በዚያ በጠበበው ሆድ ውስጥ ነው። ሁለት ባለ 16 ቸርኬዎች ከውጭ እኩል ሆነው ውስጣቸው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። «16 ይገባል» ወይም «16 አይገባም» የሚል መልስ ሙሉ የማይሆነው ለዚህ ነው። የትኛው 16?

እኔ ራሴ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ያገለገሉ አራት ባለ 16 ቸርኬዎች ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ይገባል» አለኝ። የኋላዎቹ ሰተት ብለው ገቡ። የፊቶቹንም በክሪክ አንስቼ በእጄ አዞርኳቸው፤ ድምፅ የለም። ሻሸመኔ ደርሼ ስመለስ ጥቁር ውሃ ጋ ከፊት ግራ በኩል «ሲርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማውን አወረድኩት። ካሊፐሩ ትከሻ ላይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጭረት ነበር። ቸርኬው ውስጥም ዙሪያውን በሚስማር የተሰመረ የሚመስል መስመር ተስሏል። መሃላቸው የባቄላ ፍሬ የማታክል ጠጠር ተሰንቅራለች። ክፍተቱን ስለካው ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። አስፋልት ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊበቃ ይችል ነበር። ኮረኮንች ላይ ግን ጠጠር ገብታ የምትቀመጥበት ልክ ቦታ ሆነ። ብረት ሲላጥ ቸርኬው ይሳሳል፤ የሳሳ ቸርኬ ደግሞ የሚሰነጠቀው ሰው ጭኖ ሲሄድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። ጎማ ያልተገጠመበትን ባዶ ቸርኬ ነው የምፈትነው። መጀመሪያ የቸርኬውን የውስጥ ስፋት በጠበበው ቦታ እለካለሁ። ግማሹን ራዲየስ አድርጌ ከካርቶን ላይ ግማሽ ክብ ቆርጬ አወጣለሁ፤ የምፈትነው ክፍተቱ በቀረበት ካርቶን ነው። ካርቶኑን ከፊት ዲስኩ መሃል አስነስቼ ካሊፐሩ ላይ አሳልፈዋለሁ። ካርቶኑ ከነካ ቸርኬውን መግዛት አያስፈልግም። ይህን ሻጩ ደጃፍ ላይ ቆሞ መሥራት ይቻላል።

ካርቶኑ ካለፈ ሊጥ አመጣለሁ። አዎ፣ የቤት ሊጥ። የልጆች መጫወቻ ፕላስቲንም ይሆናል። ካሊፐሩ ጎልቶ በሚወጣበት ሦስት አራት ቦታ ላይ በአውራ ጣት ልክ እለጥፋለሁ። ወደ ሆዱ በሚያየው በኩልም፣ ወደ ቸርኬው ፊት በሚያየው በኩልም። ቸርኬውን አስገብቼ ዳዶዎቹን በሙሉ አጠብቃለሁ። አንድ ሙሉ ዙር ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ከዚያ አውልቄ የተጨፈለቀውን ሊጥ ውፍረት እለካለሁ። የቀረው ውፍረት ክፍተቱ ነው። ለአስፋልት 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ለገጠር መንገድ ከ5 በታች አልቀበልም።

ሦስት ነገሮች ይህን ፈተና ያበላሹታል። አንደኛው ያለቀ ሸራ ነው። በፒን ላይ የሚንሸራተት ካሊፐር ከሆነ፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ካሊፐሩ ወደ ውጭ ገፋ ይላል፣ ወደ ቸርኬው ፊት ይጠጋል። ባለቀ ሸራ ፈትናችሁ አዲስ ሸራ ስታስገቡ ሊነካ ይችላል። ሁለተኛው የባላንስ እርሳስ ነው። ጎሚስታው እርሳሱን ቸርኬው ሆድ ውስጥ ከካሊፐሩ ትይዩ ከለጠፈው ክፍተታችሁን በላው ማለት ነው። ካሊፐሩ በማያገኘው ቦታ እንዲለጥፍ ቀድማችሁ ንገሩት። ሦስተኛው ዳዶ በግማሽ ጠብቆ መፈተን ነው። ቸርኬው ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ ልኩ ልክ አይደለም።

ፕራዶ 150 ላላቸው ደግሞ አጠር ያለ ምክር አለኝ። የፊት ዲስኩ 338 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካሊፐሩም ባለ አራት ፒስተን ወፍራም ነው። ከ18 ወደ 17 ውረዱና እዚያ ቁሙ። 17 ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ልክ ነው። 16 ለማስገባት የሚደረገው ትግል ለሚገኘው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የማትሞላ ላስቲክ አይገባውም።

ስፔሰር ባስገባስ?

ስፔሰር ቸርኬው በሚታሰርበት ቦታ ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ክብ ብረት ነው፤ ቸርኬውን ወደ ውጭ ይገፋል። ካሊፐሩ የሚነካው የቸርኬውን ፊት ከሆነ ሊያላቅቀው ይችላል። የሚነካው ሆዱን ከሆነ ግን ምንም አያደርግም። ቸርኬውን ወደ ውጭ ስለገፋችሁት ሆዱ አይሰፋም። ቸርኬ ስናሳንስ የሚያስቸግረን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ነው።

በዚያ ላይ ስፔሰር ኩሽኔታውን ያስጨንቃል። ቀጭኑና ልሙጡ ዓይነት ደግሞ ዳዶው የሚይዘውን ጥርስ ይቀንሳል። ሰው ጭኖ ገጠር ለሚሄድ መኪና አልመክረውም።

ካሊፐሩን ትንሽ ብናስሞርደውስ? ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ እኮ ነው።

አይሆንም። ይህን ያቀረበላችሁ ሰው ጓደኛችሁም ቢሆን እንቢ በሉት።

ካሊፐር ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር በኃይል ይወጠራል። ሁለቱን ሸራዎች አንቆ የሚይዘው የካሊፐሩ ጀርባ ነው። የሚሞረደው ቦታም ያው ጀርባ ነው። ዛሬ ምንም አይታይም። ነገም ላይታይ ይችላል። የሚታየው ልጅ መንገድ ላይ ሮጦ ሲገባና ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስትረግጡት ነው። ቸርኬውን ከውስጥ ማስሞረድም ያው ነው።

እሺ፣ አነስ ያለ ዲስክና ካሊፐር ቀይሬ ብገጥምስ? ከድሮው ሞዴል ላይ ይገኛል ይሉኛል።

በንድፈ ሐሳብ ይቻላል። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ደጋው የምትመላለሱ ከሆነ ግን አስቡበት።

ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አለታ ወንዶ 2,000 ገደማ ላይ። በመሃላቸው 700 ሜትር ቁልቁለት አለ። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያፈላል። ማርሽ ቀንሳችሁ ከወረዳችሁ ሞተሩ ብዙውን ይሸከምላችኋል። በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ ያንን ሁሉ የሚሸከሙት ዲስኩና ሸራው ናቸው። ትልቅ ዲስክ ብዙ ብረት ስላለው ሙቀቱን ይችለዋል፣ ለነፋስም ሰፊ ገላ ይሰጣል። ትንሽ ዲስክ ቶሎ ይግላል።

ሲግል የሚሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ፔዳሉ ደረቅ ሆኖ ሳለ መኪናው አይያዝም፤ ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። ወይም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ይሰጥማል፤ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሆኗል ማለት ነው። ሰው «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። የተበጠሰ ነገር የለም። ግሎ ነው።

የመግታት ጉልበቱም ይቀንሳል። ዲስኩ ከ338 ወደ 300 ሚሊ ሜትር ቢወርድና ካሊፐሩ ያው ቢሆን፣ የመያዝ ኃይሉ ከ10 በመቶ በላይ ይወርዳል። አጭር ቁልፍ ዳዶ ለመፍታት ከረጅም ቁልፍ የበለጠ እንደሚያደክመው ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው መኪና ደግሞ የተስተካከለው ከፋብሪካ ለመጣው ፍሬን ነው። የፊቱን ብቻ ስታሳንሱ የኋላው ድርሻ ይበዛል፤ በጭቃ ቁልቁለት ላይ ኋላው ቀድሞ ከተያዘ መኪናው ይዞራል።

ዘይቱን ሳላነሳ አላልፍም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ያ ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። የፍሬን ዘይት ጣሳው ውስጥ ተቀምጦ እንኳ እርጥበት ይስባል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት፣ አየሩንም በደንብ አስወጡለት። ዶት 5 የሚል ብቻ ካያችሁ አትቀላቅሉ፤ እሱ የሲሊኮን ዘይት ነው።

የኔ ባለ ስድስት ብሎን ነው። ማንኛውም ባለ ስድስት ቸርኬ ይገባል?

የብሎኑ ብዛት መጀመሪያ የሚታየው ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ኒሳን ፓትሮል፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ ሁሉም ባለ ስድስት ናቸው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብም 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። እስከዚህ እኩል ናቸው። የመሃሉ ቀዳዳ ግን ይለያያል። የሃይሉክስና የፕራዶ 106.1 ሚሊ ሜትር ነው። የኤል 200 ደግሞ 67.1። የኤል 200ን ቸርኬ ሃይሉክስ ላይ ለማስገባት ብትሞክሩ ብሎኑ ጋ ሳይደርስ መሃሉ ላይ ይቆማል።

ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። 80 ባለ ስድስት ነው። 100 እና 200 ባለ አምስት፣ ክቡ 150 ሚሊ ሜትር። 300 ተመልሶ ባለ ስድስት ሆነ። የ79 ፒክአፕም እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ባለ አምስት ነው። ስሙ ላንድክሩዘር ስለሆነ ብቻ አይለዋወጥም።

ቀጥሎ ገብታው ነው፤ ብዙ ቸርኬ ላይ ኢቲ ተብሎ ከቁጥር ጋር ይጻፋል። ቸርኬው ከመሃል መስመሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ ይናገራል። ፕራዶ 25፣ ሃይሉክስ 30 አካባቢ ነው። ላንድክሩዘር 200 ደግሞ 60 ነው። ቁጥሩ ከፋብሪካው በጣም ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ መሪ ስታዞሩ ፓራፋንጎውን ይፈገፍጋል። በጣም ከበዛ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከካሊፐሩና ከሻንሲው ጋር ይጣላል።

በመጨረሻ ዳዶው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቶዮታ ለፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬው የሚያወጣው ዳዶ ዋሽሩ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። የብረት ቸርኬ ደግሞ ሾጣጣ አፍ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። ከአልሙኒየም ወደ ብረት ስትቀይሩ ዳዶውንም ቀይሩ። ጠፍጣፋውን ዳዶ በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ብታስሩት ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል። ኮረኮንች ላይ ይላላል።

ብረት ይሻላል ወይስ አልሙኒየም?

ለገጠር ብረት። ሲጎዳ ይጣመማል፣ ጎሚስታው በመዶሻ ያቃናዋል፣ ቤታችሁ ያገባችኋል። አልሙኒየም ሲብስበት ይሰነጠቃል። አልሙኒየም በቅለቱና በመልኩ ይበልጣል፣ ያ እውነት ነው። የሊጡ ፈተና ግን ለሁለቱም ይደረግ።

ቸርኬውን አሳንሼ ጎማውን ግን ትልቅ ባደርገውስ? መልኩም ያምራል።

ያምራል። ፍሬናችሁን ግን ያደክማል። ከ265/70 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 ብትሄዱ ቁመቱ ከ777 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ 7 በመቶ ማለት ነው። ፍሬኑ ያው ነው፣ የሚገታው ጎማ ግን ረጅምና ከባድ ሆኗል። ፔዳሉን በያው ኃይል ስትረግጡ መሬት ላይ የሚደርሰው የመግታት ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆጣሪው 80 ሲል እናንተ 86 ላይ ናችሁ። ሁለቱ ተደምረው መኪናው እስኪቆም የሚሄደውን ርቀት ያረዝሙታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ ቢያንስ ዲስኩንና ሸራውን አሳድሶ ይጀምር።

የጭነት ልኩንም አንብቡ። ከቁጥሩ ቀጥሎ 112 ኤስ የሚል ካለ፣ ያ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል ማለት ነው። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው የጭነት ልክ እንዳያንስ። ቡና ጭኖ ለሚመለስ ፒክአፕ ይህ ቁጥር ከጥርሱ ቅርጽ ይበልጣል።

የኋላው ፍሬን ታምቡር ከሆነ ችግር አለው?

ለቸርኬው ችግር የለውም። ታምቡር ክብ ስለሆነ ጎልቶ የሚወጣ ትከሻ የለውም፤ የኋላው ብዙ ጊዜ ሰተት ብሎ የሚገባው ለዚህ ነው። የኋላው ገባ ማለት ግን የፊቱ ይገባል ማለት አይደለም። ፈተናው ሁልጊዜ ከፊት ይጀመር።

ታምቡር የሚጠላው ጭቃ ነው። ከጭቃ መንገድ ስትመለሱ ታምቡሩን አስከፍታችሁ አሳጥቡት። ደለሉ ውስጥ ከደረቀ ሸራውንም ታምቡሩንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ወንዝ ከተሻገራችሁ ደግሞ ለጥቂት ሜትሮች ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ እየነካችሁ ንዱ፤ ሸራው ይደርቃል።

ስኮርቱንም መቀየር አለብኝ?

አዎ፣ ከአራቱ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም እግሩ የሚሄድ መኪና ስለሆነ ቁመቱ የተለየ ስኮርት ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል። ስኮርቱ ከፊትም መግባቱን በሊጥ አረጋግጡ። ከዳዬ ወዲያ ማታ በዝናብ ጎማ አውርዳችሁ ስኮርቱ ካሊፐር ላይ ሲቆም ማየት አትፈልጉም።

ያገለገለ ቸርኬና ጎማ ልግዛ?

ቸርኬ፣ አዎ። መሬት ላይ አንከባላችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ይወዛወዛል? ከውስጥ ቀለሙን ፍቃችሁ የብየዳ ምልክት ካያችሁ ተዉት። የብሎን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ከሆነም ተዉት፤ ላልቶ የተነዳ ቸርኬ ነው።

ጎማ ግን አዲስ ቢሆን እመርጣለሁ። አቅማችሁ ያገለገለ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ በቀጫጭን ስንጥቅ የተሞላ ጎማ ፀሐይ የበላው ነው።

ሁሉም ተገጥሞ አለቀ። አሁን ምን ላድርግ?

ዳዶዎቹን በመስቀለኛ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ። ሻሸመኔ ደርሶ መመለስ ለዚህ ይበቃል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራችሁ የፍሬኑ ቱቦ ከጎማው ጋር አለመነካካቱን እዩ። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትት እንደሆነ አስተውሉ።

ከመጀመሪያው የጭቃ ጉዞ በኋላ አስፋልት ላይ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ወዲያው ባላንስ ለማሠራት አትሂዱ። ጎንበስ ብላችሁ የቸርኬውን ሆድ ተመልከቱ። የደረቀ የሲዳማ ቀይ አፈር በአንድ ወገን ተጋግሮ ይሆናል። በእንጨት ፈልፍሉትና በውሃ አጥቡት። እግረ መንገዳችሁን ካሊፐሩ ትከሻ ላይ አዲስ ጭረት እንዳለ እዩ። ከሌለ፣ የመረጣችሁት ቸርኬ ልክ ነው።